ውኃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው?

በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርት ላይ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



አንድ የ13 ዓመት ልጅ በመስከረም ወር 7ኛ ክፍል ገብቶ የአጠቃላይ ሳይንስ መጽሐፉን ሲረከብ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ያውቀዋል ተብሎ የታሰበለት ነገር ብዛቱ ዐዋቂን ያስደነግጣል። ልክና መለኪያ፣ ቁስ አካልና ባሕርዩ፣ ንጥረ ነገርና ውሁድ፣ ሕዋስ፣ የሕያዋን ዓይነትና አመዳደብ፣ እንቅስቃሴና ጉልበት፣ ምድርና ፀሐይ፣ ሁሉም በአንድ ጥራዝ ታጭቀው ይጠብቁታል። ቀድሞ በዚሁ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻቸው በሦስት መጻሕፍት ይሰጡ እንደነበር ይታወቃል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሦስቱ ተጣምረው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አንድ ትምህርት ሆነዋል። ጥምረቱ በሐሳብ ደረጃ የሚነቀፍ አይደለም፤ የፈላ ውኃ «እኔ ፊዚክስ ነኝ» ወይም «ኬሚስትሪ ነኝ» ብሎ አያውቅምና።

ይህ ጉዳይ መሐንዲስን ለምን ይመለከተዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ በየሥራው ቦታ ይገኛል። ለብዙ ልጆች 7ኛና 8ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት የሚያበቃበት ደረጃ ነው። ሲሚንቶና አሸዋ የሚያደባልቀው፣ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋው፣ የውኃ ቧንቧ የሚገጥመው፣ ብረት የሚበይደው ሠራተኛ ስለ ግፊት፣ ስለ ሙቀትና ስለ ልክ የተማረው ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ የተማረው በዚያ ዓመት ነው። ወደላይ የሚዘልቁትም ቢሆኑ መሠረታቸው ያው ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው በተገለጸ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደንግጧል። ድንጋጤው ግን በአብዛኛው ያተኮረው በመጨረሻው ክፍልና በፈተናው አሰጣጥ ላይ ነበር። ፎቁ ሲሰነጠቅ ጣሪያውን ብቻ የሚመረምር መሐንዲስ የለም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተማሪው በዓመቱ ውስጥ ስንት ምዕራፍ ጨረሰ የሚለው ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በገዛ እጁ ለክቶ፣ ያገኘውን ቁጥር አምኖ፣ ስለ ቁጥሩ ተከራክሮ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ በየቤቱ ምድጃ ላይ ያለው ውኃ ነው።

መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። በአዲስ አበባ አንድ መምህር ቡታጋዝ አቀጣጥሎ፣ ውኃ ጥዶ፣ ቴርሞሜትር አስገብቶ ተማሪዎቹን ዙሪያውን ቢያቆማቸው፣ ውኃው መንተክተክ ይጀምራል፤ የቴርሞሜትሩ መስመር ግን 92 ገደማ ሲደርስ ይቆማል። እሳቱ ቢጨመርበት ውኃው በኃይል ይንፈቀፈቃል እንጂ መስመሩ ከፍ አይልም። እንግዲህ በዚህች ደቂቃ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር የዓመቱን ትምህርት ይወስነዋል። መምህሩ «ቴርሞሜትሩ አሮጌ ነው፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» ሊል ይችላል። ተማሪውም 92 እያየ 100 ብሎ ይጽፋል፤ በፈተናም ነጥቡን ያገኛል። ስለ ውኃ ያወቀው ነገር ጥቂት ነው። በዐይን የሚታይና በደብተር የሚጻፍ ነገር ለየብቻ መሆኑን ግን በሚገባ ተምሮ ይወጣል። ይኸው ልጅ ከዓመታት በኋላ የሲሚንቶ ሙከራ ውጤት እንዲመዘግብ ቢቀጠር፣ ከመሣሪያው ያነበበውን ትቶ ከዝርዝሩ ላይ የሚፈለገውን ቁጥር ቢሞላ ሊያስደንቅ አይገባም። ልምዱን የጀመረው በ7ኛ ክፍል ነው።

መምህሩ «ለምን 92 ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ከዚያ ጥያቄ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ በቴርሞሜትሩ ላይ መሆኑ ተገቢ ነው፤ መሣሪያን መጠራጠር የሳይንስ መጀመሪያ ነውና። ጥርጣሬው ግን በሥራ መፈተን አለበት። በበልግ የሚጥል በረዶ ታፍሶ፣ ወይም ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ ተፈርክሶ በጥቂት ውኃ ውስጥ ይደረግና ቴርሞሜትሩ ይነከርበታል። የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ ስለማያሳይ፣ ቴርሞሜትሩ ደኅና ከሆነ 0 ወይም ለ0 የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ያን ጊዜ ተማሪው ቴርሞሜትሩን በእጁ ይዞ፣ ከታች በኩል ልክ የሆነ መሣሪያ ከላይ በኩል በ8 ዲግሪ ሊሳሳት የማይመስል መሆኑን ራሱ ይፈርዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥርጣሬ በውኃው ላይ ነው፤ ምናልባት የቧንቧ ውኃ ስለሆነ ይሆን? ተጣርቶ የታሸገ ውኃ ተፈልቶ ይታያል፤ ያው 92 ነው። ጨው ቢጨመርበትማ ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። እንዲህ እያሉ የሚቀረውን ምክንያት በማጣራት አየሩ ላይ ይደረሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማብራሪያ የአጠቃላይ ሳይንስን ግማሽ ያህል ያዳርሳል። ውኃ የሚፈላው ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት መቋቋም በቻለ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የሚጫናት አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውኃው ለመፍላት 100 እስኪደርስ አይጠብቅም። በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቢፈላ 85 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከባሕር ወለል በታች ባለው በደናክል ረባዳ ምድር ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ነጥበ ፍሌት የሚለው የመጽሐፍ ቃል በዚህ ጊዜ ሕይወት ያገኛል።

ከቆላ ወደ ደጋ የተዛወረች እናት ባቄላው አልበስልም ብሎ ማገዶዋን እንደሚጨርስባት የታወቀ ነው። ድስቱ ሌሊቱን ቢንተከተክ ከ92 ዲግሪ በላይ አይሞቅም፤ እሳት መጨመር ውኃውን በቶሎ ይጨርሰዋል እንጂ ባቄላውን በቶሎ አያበስለውም። ይህን የተረዳ ተማሪ ለእናቱ «ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሺው» የሚል ምክር ይዞ ይገባል። ምክሩ የማገዶ ሸክምን የሚያቃልል ስለሆነ ከማንኛውም የደብተር ነጥብ ይበልጣል።

ለማኅበሩ አባላት ደግሞ ሌላ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎችን በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ በተለመደው አሠራር 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። በባሕር ወለል ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው በዙሪያው ካለው አየር በላይ 1 ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ግፊት ነው። ተቆጣጣሪው የግፊት መለኪያውን ብቻ አይቶ በአዲስ አበባም ያንኑ 1 ከባቢ አየር ቢሰጠው፣ ከውጭ ያለው አየር ራሱ ስስ በመሆኑ በውስጡ ያለው ሙቀት የሚደርሰው 117 ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ በማምከን ሥራ ግን በ121 ዲግሪ የተወሰነው ጊዜ በ117 ዲግሪ አይበቃም። የ7ኛ ክፍል ተማሪ 92 ያነበበባት ድስትና ይህ ማሽን አንድ ሕግ ነው የሚገዛቸው። በናፍጣ የሚሠራ ጀኔሬተር በደጋ ከተማ ላይ በአምራቹ ሰሌዳ የተጻፈውን አቅም አለመስጠቱም ከዚሁ ከስሱ አየር ጋር የተያያዘ ነው።

ወደ ዓመቱ መጀመሪያ ስንመለስ የሚገኘው የልክ ትምህርት ነው። ይህ ምዕራፍ በብዙ ክፍሎች በሁለት ቀን የሚታለፍ፣ የአሐዶችን ስም በማስጠናት የሚያልቅ ምዕራፍ ሆኗል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ሀብት የሚውለው እዚህ ላይ ነበር። ስንዝር፣ ጋት፣ ክንድ፣ እርምጃ፣ ለእህልም ቁናና ጣሳ በየሰፈሩ አሉ። አርባ ተማሪ የአንዱን ጥቁር ሰሌዳ ርዝመት በየራሱ ክንድ ቢለካ አርባ ዓይነት መልስ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ መምህሩ መናገር አያስፈልገውም፤ ክርክሩ ራሱ ይናገራል። ቀጥሎ ያው ሰሌዳ በአንድ ሜትር በአርባው ቢለካ መልሶቹ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። ይህ ሁለተኛው ነገር በመጽሐፍ ብዙም አይነገርም፤ ለመሐንዲስ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። ልክ ሁሉ ስሕተት አለው፤ ጨዋነቱ የስሕተቱን መጠን ማወቅ ነው።

በየግንባታው ቦታ ኮንክሪት በሣጥን እየተለካ ሲደባለቅ ይታያል። ሣጥኑ የተሠራው 50 ኪሎግራም የሚመዝነው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በይዘት 35 ሊትር ገደማ መሆኑን መሠረት አድርጎ ነው። ሠራተኛው ሣጥኑን አንዴ ሞልቶ አንዴ አጉድሎ ቢሰፍር፣ ወይም አሸዋው ዝናብ ጠጥቶ መምጣቱን ሳያይ ውኃውን እንደ ትናንቱ ቢጨምር፣ ስሕተቱ ለጊዜው አይታይም፤ የሚታየው ኮንክሪቱ ጠንክሮ ሲፈተን ነው። ይዘትና መጠነ ቁስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የሁለቱ ንጽጽር እፍግታ መባሉን ይህ ሰው በልጅነቱ ሰምቷል። የሰማው ግን እንደ ቀመር ነበር። ዕንቁላል በንጹሕ ውኃ ሰጥሞ በጨው ውኃ ሲንሳፈፍ አይቶ ቢሆን፣ ጠጠርን ውኃ በሞላ ብርጭቆ ጨምሮ የፈሰሰውን ውኃ ለክቶ ቢሆን ሣጥኑን በሌላ ዐይን ያየው ነበር።

የቃላትም ነገር በዚህ ምዕራፍ ውስጥ አለ፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ «ሙቀት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። «የዛሬው ሙቀት 25 ዲግሪ ነው» ይባላል፤ «ምድጃው ሙቀት ሰጠ»ም ይባላል። መጻሕፍት የመጀመሪያውን «መጠነ ሙቀት» በማለት ለመለየት ሞክረዋል፤ ቃሉ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ ከሰው አፍ አልገባም። ልዩነቱን ለማስረዳት ግን ቃል ብቻ አያስፈልግም። በእሳት የጋለ መርፌና አንድ በርሜል ለብ ያለ ውኃ ይቅረብ። መርፌው ከበርሜሉ እጅግ ይበልጥ የጋለ ነው፤ ሆኖም በረዶ ለማቅለጥ የቱ ይሻላል ቢባል መርፌውን የሚመርጥ ልጅ የለም። «ኃይል»፣ «ጉልበት» እና «አቅም» የሚሉት ሦስት ቃላት ደግሞ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ቦታቸውን ሲቀያየሩ ይታያሉ፤ አንዱ ጋ ጉልበት የተባለው ሌላው ጋ ኃይል ነው። በአዲስ አበባ ተማሪው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ስለሚማር ችግሩ የቀረ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ተሸፈነ እንጂ አልቀረም፤ ልጁ እንግሊዝኛውን ቃል የሚተረጉመው በቤቱ ባለው ቃል ነውና። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ቢሠራ የመብራት ቆጣሪው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት መመዝገቡን በቤቱ ያየ ልጅ ግን፣ ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ በአንድ ጊዜ የሚሳበውንና ተጠራቅሞ የሚከፈልበትን አያምታታም።

ስለ ፈሳሽ ግፊት በሚሰጠው ትምህርት በብዙ አገር መጻሕፍት የሚታይ አንድ ሥዕል አለ። በአንድ ጣሳ ጎን ላይ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ሦስት ቀዳዳዎች ተበስተው ውኃ ይወጣል፤ ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ከሁሉ ርቆ ሲወድቅ ይታያል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ጥልቀት ሲጨምር ግፊት ይጨምራል፤ ከታች የሚወጣው ውኃም ከሁሉ ይፈጥናል። ሥዕሉ ግን ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ከሆነ የሣለው ስሕተት ነው። አንድ መምህር 20 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የዱቄት ወተት ጣሳ ወስዶ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ቢበሳው፣ ውኃውም እንዳይጎድል እየሞላ መሬት ላይ ቢያስቀምጠው፣ ከሁሉ ርቆ የሚወድቀው የመካከለኛው ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው በአንድ ቦታ ይወድቃሉ። የታችኛው ፈጣን ቢሆንም ሳይርቅ መሬት ይዘዋል፤ የላይኛው ለመውደቅ ጊዜ ቢኖረውም ፍጥነት የለውም። ያንኑ ጣሳ 80 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቢያወጣው ግን ሥዕሉ እውነት ይሆናል፤ የታችኛው ከሁሉ ይርቃል። አንድ ጣሳ፣ አንድ ምስማርና አንድ ባልዲ ውኃ የሚጠይቀው ይህ ሙከራ አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም። ተማሪው ግን ሥዕል ሊሳሳት እንደሚችል፣ የተሳሳተበት ምክንያትም ሊመረመር እንደሚችል ይማርበታል።

ከጣሳው ወደ ቤት ጣሪያ መሄድ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ቀጭን ሆኖ ሲወርድበት ትልቅ ሮቶ ለመግዛት ያስባል። የውኃ ግፊት የሚወሰነው በታንኩ ስፋት ሳይሆን በውኃው ከፍታ በመሆኑ ከመታጠቢያው በ3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ 500 ሊትርም ሆነ 5,000 ሊትር የሚሰጠው ግፊት ያው ነው፤ ከ1 ከባቢ አየር አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በየ10 ሜትሩ 1 ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቁመቱ ከ140 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በ140 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውኃ 14 ከባቢ አየር ያህል ይገፋል ማለት ነው። የግድቡ ግርጌ ከአናቱ ይልቅ የሰፋበት አንዱ ምክንያት ተማሪው በጣሳው ላይ ያየው ነው። ስለ ግድቡ የማይዘምር ተማሪ የለም፤ እግሩ ለምን እንደሰፋ የሚያስረዳ ግን በዝማሬው ልክ አይገኝም።

የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥና የሕያዋን ምደባ ረጅም ቦታ ቢይዙም ስለነሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዚህ ዕድሜ ምልክትና ስም መሸምደድ አይከፋም፤ ልጆች ስም መያዝ ይችሉበታል። የሕዋስ ትምህርት ግን ያለ ማይክሮስኮፕ በሥዕል ብቻ ሲያልቅ ሕዋስ ማለት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ያለ ክብ ነገር ሆኖ ይቀራል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት እርሾ አለ። ሊጥ በተቦካ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚያኮርፈው በውስጡ ያሉት ረቂቃን ሕያዋን ስለሚመገቡና አየር ስለሚያወጡ ነው። ሊጡ አንዱ በሞቃት፣ አንዱ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ቢነጻጸር የሕያዋን ሥራ በሙቀት እንደሚፈጥንና እንደሚዘገይ በአንድ ሌሊት ይታያል።

በአካባቢ ያለውን ነገር ማየት ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚመሰክር የኢትዮጵያ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ መሆኑን ያውቁ ነበርና የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ከልብስ አጠባው ጋር አያያዙት። ከዚያ የተነሣው ምርምር በ1989፣ እንደ አውሮፓውያኑ፣ ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኝቷል። የቢልሃርዝያ የሕይወት ዑደት በየባዮሎጂ መጽሐፍ ይሣላል፤ እንዶድም በየገጠሩ ይበቅላል። ሥዕሉንና ቁጥቋጦውን አንድ ላይ ያየ ዐይን ነበር የጎደለው።

ስለ ምድርና ፀሐይ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ በጣም ርካሹና ብዙ ጊዜ የማይሞከረው ነው። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይተከል። በአዲስ አበባ ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ እንደየወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሰዓቱ የተቀመጠው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ስለምትርቅ ፀሐይ 25 ደቂቃ ያህል ትዘገይባታለች። ይህንንም ተማሪው በጥላ ብቻ ሊደርስበት ይችላል። በመስከረም አጋማሽ የቀትሩ ጥላ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በታኅሣሥ 12 ገደማ 63 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ እያጠረ ሄዶ በሚያዝያ 5 ገደማ ከነጭራሹ ይጠፋል። ፀሐይ በአናት ላይ ናት። ከሁሉ የሚደንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ በሰኔ 14 ወደ 26 ሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል። በአውሮፓ ለሚኖር ተማሪ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ወድቆ አያውቅም፤ ከዚያ በተቀዱ ሥዕሎች ላይም አይታይም። የኢትዮጵያ ተማሪ በገዛ ሜዳው ላይ ያለውን ይህን ትዕይንት ሳያይ ስለ ምድር መጋደል 23.5 ዲግሪ የሚል ቁጥር ሸምድዶ ያልፋል። ሁለተኛው ጥላ አልባ ቀን ነሐሴ 24 ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ፣ ሰማዩም ደመና ስለሆነ ማምለጡ ይቅር የሚባል ነው። የሚያዝያው ግን አያመልጥም ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ መምህሩን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ያለውም መሣሪያ እንዳይሰበር ተብሎ በቁም ሣጥን ተቆልፎ ይኖራል፤ ሳይሰበርም ያረጃል። መምህሩም የሚመዘነው ተማሪዎቹ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በሚያገኙት ውጤት ሲሆን፣ ፈተናው ደግሞ ከአራት መልስ አንዱን መምረጥ ነው። «ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ተብሎ 92 እና 100 በምርጫው ውስጥ ቢገኙ፣ ለክቶ ያየው ልጅ የሚወድቅበት፣ ያልለካው የሚያልፍበት ጥያቄ ይሆናል። መድኃኒቱ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «በባሕር ወለል» የሚል ቢጨመርበት ጥያቄው ትክክል ይሆናል፤ የለካውም ልጅ ሳይሳሳት 100 ይላል።

የማኅበሩ አባላት በዚህ ጉዳይ ላይ ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር ገንዘብን ብዙም አይጠይቅም። አንድ አባል በዓመት ሁለት ቀን በአቅራቢያው ወዳለ ትምህርት ቤት ቢሄድ፣ ሁለት ደኅና ቴርሞሜትሮች፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ሚዛንና የተበሳ ጣሳ ቢይዝ ከላይ የተጠቀሱትን ሙከራዎች ሁሉ ከመምህሩ ጋር ሆኖ ማሠራት ይችላል። ሲሄድም ጌታ ሆኖ ሳይሆን የመምህሩ ረዳት ሆኖ መሄድ ይኖርበታል፤ ክፍሉ የመምህሩ ነውና።

ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የብዙዎች በጋራ ሊሆን ይችላል። አባላት በየከተማው ተሠማርተው ይገኛሉ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናቸው። በስሌት ቢታሰብ በጋምቤላ ውኃ በ98 ዲግሪ ገደማ፣ በድሬዳዋ በ96፣ በባሕር ዳር በ94፣ በደብረ ብርሃን ከ91 በጥቂቱ ዝቅ ብሎ መፍላት አለበት። ይህ ግን ስሌት ነው። በየከተማው የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አፍልተው፣ ቴርሞሜትራቸውን በበረዶ አረጋግጠው፣ ያነበቡትን ሳያስተካክሉ ቢልኩ አንድ ሠንጠረዥ ይወጣዋል፤ በግራ የከተማው ከፍታ፣ በቀኝ የልጆቹ ቁጥር። ቁጥሮቹ ከስሌቱ በግማሽና በአንድ ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ማለታቸው አይቀርም፤ ያም ሳይፋቅ ይታተማል። ለሥራው የሚመቸው የኅዳር ወር ነው፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ገና ሩቅ ነው፤ የቁስ አካልም ምዕራፍ አልተዘጋም።